ሲሞቱ የሚያስተምሩት ጎረቤቴ

አንድ ሰው "ኑዛዜ ልጽፍ ነው" ካለ እኛ ዘንድ ሁለት ጥያቄ ይነሣል፦ ምን አመመው? ከማን ተጣላ? ጎረቤቴ የዕድሩ ስብሰባ ሊያበቃ ሲል ብድግ ብለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ከሀብቴ ግማሹን ለችግረኛ ተማሪዎች መማሪያ ልናዘዝ ነው" ባሉ ጊዜ ግን ሦስተኛ ጥያቄ ተጨመረ፦ ግማሹ ስንት ነው? ጭብጨባው ሳይበርድ ከኋላ ወንበር የተቀመጡት የመርካቶውን ሱቅና የሚከራዩትን ሰርቪስ ቤቶች ደምረው ለሁለት ማካፈል ጀምረው ነበር።

በማግስቱ ሰፈሩ ደኸየ። ትናንት "ልጄ የሚማረው የግል ትምህርት ቤት ስለሆነ አማርኛ እንኳን በወጉ አይችልም" እያለች ስትኮራ የነበረች እናት ቡና ላይ ችግሯን ስትተርክ ጀበናው ራሱ የሚያለቅስ ይመስል ነበር። የጎረቤቴ የወንድም ልጅ መኪናውን ከመታጠፊያው ወዲያ ደብቆ በእግሩ እየተጎተተ መጣና "ጋሼ፣ ልጆቼን ማስተማር አቃተኝ" አለ፤ ቁልፉ ጣቱ ላይ ይሽከረከራል። ሌላው ደግሞ ከወረዳ የድህነት ማስረጃ ሊያጽፍ ሄዶ ሰልፉ ስለረዘመበት ጉዳይ አስፈጻሚ ቀጠረ። ቨርጂኒያ ያለችው ልጃቸውም ሳትውል ሳታድር ደወለች። "አባዬ፣ ሐሳብህ እንዴት ደስ ይላል! ግን ቤቱንም ይጨምራል እንዴ?"

ሐሳባቸውንስ አላማም። ለተማሪ መስጠት ከጥንትም ያለ ነገር ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ፣ ከየደጃፉ በለመናት ቁራሽ ነው ቅኔ የተቆጠረው። ቁራሿን የሰጠችው ሴት ቅጽ አላስሞላችውም፤ አብራው ፎቶግራፍ አልተነሣችም፤ ስሟን አኩፋዳው ላይ አላስጠለፈችም። ውሻዋን በጊዜ ብትይዝለት ኖሮ ምንም አይወጣላትም ነበር።

ጎረቤቴ በመጀመሪያ ያሰቡት የቃል ኑዛዜ ነበር፤ ወጪ የለውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን የሚፈቅደው ሞቱ መቃረቡ ለተሰማው ሰው ነው፤ ሁለት ምስክሮች ባሉበት ይናገራል፣ ለአንድ ሰው መስጠት የሚችለውም እስከ 500 ብር ብቻ ነው። ዛሬ 500 ብር ይዞ ወደ ጽሕፈት መሣሪያ መደብር የገባ ወላጅ ደብተሩን ሲያነሣ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ይወጣል። በዚያ ላይ ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ኑዛዜው ይፈርሳል። ይህን ስነግራቸው ተቆጡ።

"በሦስት ወር ውስጥ ካልሞትኩ ሊቀጡኝ ነው?"

ስለዚህ በጽሑፍ ሆነ፤ በአራት ምስክሮች ፊት የሚነበበው ዓይነት። እንግዲህ ቅድመ ሁኔታው የመጣው እዚህ ላይ ነው። ተማሪው ችግረኛ ይሁን፤ ነገር ግን ችግሩ በልብሱ ላይ አይታይበት። ጨዋ ይሁን። ውጤቱ ከ90 በላይ ይሁን። በየዓመቱም በሙት ዓመታቸው ዕለት ነጠላውን አዘቅዝቆ ከድንኳኑ ይገኝ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አስታወስኳቸው። ከ90 በላይ፣ ያውም ችግረኛ፣ ያውም ነጠላ ለባሽ ከየት ይመጣል?

"ካልተገኘ ገንዘቡ ይቀመጣል" አሉ፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት እፎይታ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ከዚያው ወረቀት ግርጌ ሌላ አንቀጽ አለ። ለአርባቸው ሁለት ሰንጋ ይታረዳል፣ ጠላው በጋን ይጠመቃል፣ ጠጁ አይቀጥንም፤ ለካህናቱ ለብቻ፣ ለዕድርተኛው ለብቻ፣ ለነዳያን ለብቻ ይቀርባል። ይህን አንቀጽ ሲያስነብቡ ከምስክሮቹ አንዱ በሐዘን ይሁን በምራቅ እንጃ ሁለት ጊዜ ጉሮሮው ወጣ ገባ ሲል አይቻለሁ። ለተዝካሩ ቅድመ ሁኔታ አልተጻፈም። በላተኛው ከ90 በላይ እንዲያመጣ የጠየቀው የለም።

አሁን ስለ ዘበኛቸው ልጅ ላውራ። ሰባተኛ ክፍል ነው፤ ማታ ማታ በበሩ መብራት ሥር ካርቶን ላይ ተቀምጦ ያጠናል፤ ጫማው አፉን ከፍቷል። መስከረም ሲጠባ አባትየው ኮፍያውን አውልቆ "ጋሼ፣ ለደብተርና ለጫማ እንዲያው ትንሽ ቢደግፉኝ" አላቸው። "አይዞህ፤ ልጅህን ኑዛዜው ላይ አስገብቼዋለሁ" አሉት። ጎረቤቴ ንጋት ላይ ሶምሶማ የሚሮጡ፣ ደም ግፊት በስም እንጂ በአካል የማያውቁ ሰው ናቸው፤ እናታቸው አሁንም መነጽር ሳታደርግ ጥጥ ትፈትላለች። ላም አለኝ በሰማይ ይሏችኋል ይህ ነው።

ደፈር ብዬ "ጃንሆይ እንኳ በ1954 ዓ.ም. ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሲሰጡ በሕይወት ነበሩ" አልኳቸው።

"እሳቸው ሌላ ቤተ መንግሥት ነበራቸው" ብለው አፌን አስያዙኝ።

ከዚያ ወዲህ የዘበኛው ሰላምታ ረዘመ። "ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ጤናዎ እንዴት ነው? እንቅልፍ ይወስድዎታል? ሳሉስ?" ድሮ እንዲህ ሲጠየቁ ደስ ይላቸው ነበር፤ አሁን እያንዳንዷን ጥያቄ መመዘን ጀመሩ። ባለፈው ጉንፋን ይዟቸው ሲተኙ ልጁ፣ ያ ምስኪን፣ እናቱ የላከችውን አጥሚት ይዞ ሊጠይቃቸው ገባና አልጋቸው እግርጌ ቆመ። ትክ ብሎ አያቸው። "ጋሼ፣ ይሻልዎታል?"

ሌሊቱን አልተኙም። ጠዋት ሠራተኛዋን ጠርተው አንድ ደርዘን ደብተር፣ አንድ እሽግ እስክሪብቶና በቁጥሩ ጫማ አስገዙለት፤ ዳግመኛ ወደ መኝታ ቤት እንዳይገባም አዘዙ። ደረሰኞቹን ግን አልጣሉም። ከኑዛዜው ጋር በስፒል አያይዘው በገዛ እጃቸው "ከድርሻው ላይ የሚቀነስ" ብለው ጽፈውበታል።