እርማት፦ ደረቅ አፈር ዝናብ ሲያገኝ መጀመሪያ ካርቦን ይለቃል

«በደረቅ አካባቢ ዝናብ እንደጣለ አፈሩ ወዲያው ካርቦን መሳብ ይጀምራል» የሚል አስተያየት ደጋግሜ እያየሁ ነው። ሐሳቡ በቅንነት የመጣ ቢሆንም ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል።

ከረጅም ደረቅ ወቅት በኋላ የሚጥለው ዝናብ ከዕፅዋት ቀድሞ የሚያነቃው በአፈር ውስጥ ያሉትን ረቂቅ ተሕዋስያን ነው። በድርቁ የሞቱት ቅሪት፣ የተረፉት ድርቁን ለመቋቋም በሕዋሳቸው ያጠራቀሙት ንጥረ ነገር፣ በአፈር ጓል ውስጥ ተዘግቶ የቆየው ብስባሽ ጭምር በአንድ ጊዜ ለምግብነት ይቀርባል። በሰዓታት ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀቱ ከደረቁ ጊዜ ብዙ እጥፍ ይደርሳል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይቀንሳል። ክስተቱ እ.ኤ.አ. በ1958 ጥናቱን ባሳተመው ተመራማሪ ስም «የበርች ውጤት» ይባላል።

ማረጋገጥ ለሚፈልግ፦ እኩል ደረቅ አፈር በሁለት ብልቃጥ አድርጉ፤ አንዱን ብቻ አርጥቡ። በየብልቃጡ ጥርት ያለ የኖራ ውሃ በትንሽ ብርጭቆ አስቀምጡና ክደኑ። የኖራ ውሃ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያገኝ ይነጣልና የእርጥቡ ቀድሞ ወተት ይመስላል።

ስህተቱ ዋጋ ያስከፍላል። በደረቅ ቀናት ብቻ ለክቶ የዓመቱን ልቀት የሚያሰላ ሰው ይህ ድንገተኛ ልቀት ያመልጠዋል፤ መሬቱ የሚያስቀምጠው ካርቦንም ከእውነቱ በላይ ይገመታል። ዕፅዋት በኋላ መልሰው የሚስቡት ዝናቡ ሥሮቻቸው ድረስ ከዘለቀ ነው። ካፊያ ብቻ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ውጤቱ የካርቦን ኪሳራ ነው።