ማስተካከያ፦ ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሥር ስለ መውረድ

ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ ለሚጓዙ ባወጣነው መረጃ «ፏፏቴው ሥር ለመውረድ ምርጡ ጊዜ መስከረም ነው» የሚለው «ፏፏቴውን ለማየት ምርጡ ጊዜ መስከረም ነው» ተብሎ ይታረም። በመስከረም ውኃው ሞልቶ እስከ 400 ሜትር ይሰፋል፤ እንደ ጢስ የሚነሣው የፏፏቴው ርጭት የሚያረጥበው ጥቁር ድንጋይ አረንጓዴ ዝልግልግ ስለሚይዝ የሶሉ ጥርስ ያለቀ ጫማ አይቆምበትም። ያን ጊዜ ዓላታ በሚባለው የድንጋይ ድልድይ ተሻግሮ ከፊት ለፊት ማየት ይበቃል።

መውረድ የፈለገ በበጋ ይሂድ፤ ግን ሰማዩ ጠራ ብሎ አይዘናጋ። የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫው ሲሠራ ውኃው ከፏፏቴው በላይ ወደ እርሱ ይጠለፋል፤ ተርባይኑ (ውኃ የሚያዞረው ማሽን) ሲቆም ያ ውኃ ዝናብ ሳይኖርም ተመልሶ በፏፏቴው ይወርዳል። አስጎብኚውን ሳይጠይቁ አይውረዱ። ቁልቁለቱ ላይ በአንድ እጅ ድንጋይ ይዞ፣ በሌላው ዱላ ቀጣዩን መርገጫ መሞከር ነው፤ ዱላው የተንሸራተተበትን ይተዉት።