ነዳጁን ታንኩ አልጨረሰውም፤ ጀሪካናችሁን አስቀምጡ

ወገኖቼ፣ የጦርነት ወሬ በተሰማ ቁጥር ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥላችሁ ወደ ማደያ የምትሮጡ፣ ገዝታችሁ በጓዳ የምትሸሽጉ፣ ሸሽጋችሁም ማታ በየመንገዱ ዳር የምትቸበችቡ፤ ይህ ተግሳጽ ለእናንተ ነው። «ጦሩ ነዳጁን ሊጨርሰው ነው፤ ሳያልቅ እንያዝ» ትላላችሁ። ስሌታችሁ ስህተት ነው። ሥራችሁ ደግሞ ከስህተትም የከፋ ነው፤ ጎረቤታችሁን ያስርባል፣ ቤታችሁንም ያቃጥላል።

ጦር ብዙ ነዳጅ እንደሚፈጅ የሚክድ የለም። የአሜሪካው ኤብራምስ ታንክ 1,900 ሊትር ገደማ ይሞላል፤ የሚጓዝበት ግን 420 ኪሎ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። በኪሎ ሜትር ከ4 ሊትር በላይ ማለት ነው። ሞተሩ ተርባይን በመሆኑ ቆሞም ይጠጣል። ተዋጊ ጄትማ ሙሉ ኃይሉን ሲጠቀም 3 ቶን ነዳጅ በደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሳል። ይህን ብቻ የሰማ ሰው የዓለም ነዳጅ ሁሉ በጦር ሜዳ የሚያልቅ ቢመስለው አይፈረድበትም። ነገር ግን ሌላውንም ቁጥር ስሙ። ከዓለም ተቋማት ሁሉ ትልቁ የነዳጅ ተጠቃሚ የአሜሪካ መከላከያ ነው፤ በቅርብ ዓመታት በዓመት የሚገዛው ከ100 ሚሊዮን በርሜል አይበልጥም። ዓለም ደግሞ ይህን ያህሉን በአንድ ቀን ትፈጃለች።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነገሩ ሌላ ነበር። ያኔ ጀርመንንና ጃፓንን የወጉት አጋር አገሮች ከ1941 መጨረሻ እስከ 1945 እ.ኤ.አ. ወደ 7 ቢሊዮን በርሜል ፈጁ፤ ከዚህም 6 ቢሊዮኑ ገደማ ከአሜሪካ የወጣ ነበር። የዚያን ያህል የገዘፈ ጦርነት በእርግጥ ከሕዝብ ቋት ላይ ይቀዳል። ከዚያ በኋላ የመጡት ጦርነቶች ዋጋ ያናሩት ግን በሌላ መንገድ ነው።

በ1990 እ.ኤ.አ. የተቀሰቀሰውን የባሕረ ሰላጤ ጦርነት ተመልከቱ። ኢራቅ ኩዌትን በኦገስት መባቻ ስትወርር የሁለቱ አገሮች ከ4 ሚሊዮን በርሜል በላይ የቀን ምርት ከገበያ ወጣ። ከ20 ዶላር በታች የነበረው በርሜል በኦክቶበር ከ40 ዶላር አለፈ። ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ ኢራቅን ሊወጋ የተሰበሰበው በአሜሪካ የሚመራው ጦር ገና አልተኮሰም፣ በረሃ ላይ ሰፍሮ ይጠባበቅ ነበር። በጃንዋሪ 1991 ዘመቻው ተጀምሮ አውሮፕላኖቹ ሌትና ቀን ነዳጅ ማቃጠል ሲጀምሩስ? ዋጋው በአንድ ቀን ከ32 ወደ 21 ዶላር ገደማ ወረደ። የሳዑዲ ጉድጓዶች እንደማይነኩ ገበያው አመነ፤ አሜሪካም ከመጠባበቂያ ክምችቷ እንደምትለቅ አስታወቀች። ዋጋውን የሰቀለው ፍርሃት ነበር፤ ፍርሃቱ ሲለቅ ዋጋውም ለቀቀ።

በ1973 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የአረቦችና የእስራኤል ጦርነትም እንዲሁ ነው። ውጊያው ሦስት ሳምንት እንኳን አልሞላም፤ የአረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብና የአምራቾቹ ውሳኔ ግን 3 ዶላር የማይሞላውን በርሜል በጥቂት ወራት ወደ 12 ዶላር አደረሰው። እዚህ አዲስ አበባ የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ተጨመረና በየካቲት 1966 ዓ.ም. ታክሲ ነጂዎች አድማ መቱ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ።

ታዲያ ወደ እኛ ማደያ የሚደርሰው ጭማሪ በየት በኩል ይመጣል? አንደኛው በማጣሪያው ነው። ከድፍድፍ ዘይት ሲጣራ የአውሮፕላን ነዳጅና ናፍጣ ጎን ለጎን የሚወጡ ናቸው፤ አንዱን ለማብዛት ማጣሪያው ከሌላው ይቆርሳል። ጦር የሚፈልገው እነዚህኑ ሁለቱን ስለሆነ በጦርነት ጊዜ ናፍጣ ከቤንዚን ቀድሞ ይወደዳል። እኛ ደግሞ ከምናስገባው ነዳጅ ትልቁ ድርሻ ናፍጣ ነው፤ የጭነት መኪናው፣ አውቶቡሱ፣ ኮምባይነሩ፣ ጄኔሬተሩ ሁሉ የእሱ ጥገኛ ነው። የአሰብ ማጣሪያ በ1997 እ.ኤ.አ. ከተዘጋ ወዲህ የምንገዛው ተጣርቶ ያለቀውን ብቻ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ባሕሩ ነው። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ተጭኖ ጅቡቲ የሚደርስ መርከብ ወደ ቀይ ባሕር የሚያስገባውን ጠባብ መተላለፊያ፣ ባብ ኤል መንደብን፣ አያቋርጥም፤ ስለዚህ «የቀይ ባሕሩ ችግር እኛን ምን አገባው?» የሚል ሰው አይጠፋም። ያገባናል። መርከቡ የሚያልፍበት የኤደን ባሕረ ሰላጤም በመድን ሰጪዎች የአደጋ ቀጣና ውስጥ ነው። የየመን የሁቲ ታጣቂዎች ከ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ መርከቦችን ሲመቱ፣ ቀይ ባሕርን ለሚያቋርጥ መርከብ የሚከፈለው የጦርነት አደጋ መድን ከመርከቡ ዋጋ የ1 በመቶ ጥቂት ክፍልፋይ የነበረው ወደ 1 በመቶ ተጠጋ። 50 ሚሊዮን ዶላር በሚያወጣ መርከብ ላይ 1 በመቶ ቢጠየቅ 500 ሺህ ዶላር ነው፤ 40 ሺህ ቶን ናፍጣ ከጫነ በሊትር 1 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ይጨምራል። በዚህ ላይ ብዙ መርከቦች በደቡብ አፍሪካ ዞረው መሄድ ሲጀምሩ ጉዞው ረዘመ፣ ባዶ መርከብ ጠፋ፣ የኪራይ ዋጋም በየአቅጣጫው ናረ።

ሦስተኛው መንገድ እናንተ ናችሁ። በዚህ ላይ በረጅሙ መናገር አለብን፤ በእጃችን ያለው ይህ ብቻ ነውና። 500 ሺህ ባለመኪኖች በአንድ ሳምንት ውስጥ እያንዳንዳቸው ከወትሮው 20 ሊትር አብልጠው ቢቀዱ 10 ሚሊዮን ሊትር ነው። 45 ሺህ ሊትር በሚጭን ቦቴ ሲሰላ ከ220 ቦቴ በላይ ይሆናል። ከጅቡቲ የሚመላለሰው ቦቴ ግን አልጨመረም፤ መንገዱም ያው መንገድ ነው። አንዲት ሊትር ሳትቃጠል ማደያው ደረቀ ማለት ነው! ያኔ «ጦሩ ወሰደው» ትላላችሁ። በአንዲት የወረዳ ከተማ 100 የጭነት መኪና ያለው ጦር አልፎ እያንዳንዱ 200 ሊትር ቢቀዳ 20 ሺህ ሊትር ነው፤ ከአንድ ቦቴ ግማሽ አይሞላም። ለዚያች ከተማ የቀናት ችግር ነው፣ እውነት ነው፤ አገር የሚያደርቅ ግን አይደለም።

ሰልፍ ላይ ሞተር አስነስታችሁ የምትቆሙትም ተው! ትንሽ መኪና በሰዓት 1 ሊትር ገደማ፣ ከባድ መኪና ከ2 እስከ 3 ሊትር ቆሞ ይፈጃል። ትናንት በአሮጌው ዋጋ የገዛኸውን ሸቀጥ ዛሬ «ነዳጅ ጨመረ» ብለህ የምትቆልል ነጋዴም ራስህን መርምር፤ ያ ዕቃ የመጣው በአሮጌው ናፍጣ ነው።

አሁን ወደ ጓዳችሁ። የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ስለሚከብድ መሬት መሬት እየሄደ ከሰል ምድጃው ጋ ይደርሳል፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ቅዝቃዜ ላይ እንኳን እሳት ይይዛል። የዘይት ጀሪካን ለቤንዚን አልተሠራም፤ በክዳኑ በኩል እንፋሎት ያስወጣል። አፍ እስከ ገደፉ ተሞልቶ ሙቀት በ20 ዲግሪ ሲጨምር 20 ሊትሩ በ0.4 ሊትር ገደማ ያብጣል፣ ስንጥቅ ካለም በዚያ ይወጣል። ጥቂት ወራት የቆየ ቤንዚን ሙጫ ይሠራል። ከመንገድ ዳር የምትገዙት ናፍጣ ላምባ ከተቀላቀለበት ማለስለሻው ይቀንስና የናፍጣ ፓምፑንና ኖዝሉን ይበላል፤ የጥገናው ወጪ ቆጠብን ካላችሁት ብዙ እጥፍ ነው።

ያከማቻችሁትን ቤንዚን ወራት ካልቆየ ዛሬውኑ በመኪናችሁ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ውስጥ ገልብጡት። ደጅ አውጥታችሁ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ስልክና ሲጋራ አርቃችሁ። ጀሪካኑ መሬት ላይ ትንሽ ይቆይ፣ ከዚያ በማጥለያ ቅዱት። ናፍጣ ከሆነ አንድ ቀን ሳይነቃነቅ ይቀመጥና የታችኛውን ሁለት ጣት ያህል አትገልብጡ፤ ውሃና ዝቃጭ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። የቀረውን ቦይ ውስጥ አትድፉት፤ ያገለገለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡት።