እርማት፦ ኔሮ ኮሎሲየምን አላየውም

ወንድሜ፣ "ኔሮ ክርስቲያኖችን በኮሎሲየም ለአንበሳ ሰጣቸው" ብለሃል። ብዙ ሰው የሚያምነው እንዲህ ነው፤ ግን ትክክል አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር የሮም ንጉሠ ነገሥት ኔሮ የሞተው በ68 ነው። ኮሎሲየም፣ ትልቁ የሮም የትርኢት ስታዲየም፣ የተመረቀው በ80፣ በንጉሠ ነገሥት ቲቶ ዘመን። እንዲያውም የተሠራው የኔሮ ሰው ሠራሽ ሐይቅ በነበረበት ቦታ ላይ ነው።

መከራው ግን እውነት ነው። በ64 ሮም ስትቃጠል ኔሮ ጥፋቱን በክርስቲያኖች ላይ አላከከ። ለክርስቲያኖች ምንም ፍቅር ያልነበረው ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ እንኳ ጽፎታል፦ የአውሬ ቆዳ አልብሰው በውሻ አስነከሷቸው፣ ሰቀሏቸው፣ ሲመሽም እንደ ችቦ አነደዷቸው። ትርኢቱ የታየው በራሱ በኔሮ የአትክልት ስፍራ ነው።

ለአውሬ ስለተሰጡ ሰማዕታት መጻፍ ከፈለግህ በዛሬዋ ቱኒዚያ የምትገኘውን የካርቴጅን ከተማ ታሪክ አንሳ። በ203 ፔርፔቱዋ የተባለች ክርስቲያን እዚያ ታሰረች። ዕድሜዋ 22 ገደማ፣ ልጇ ገና ጡት የሚጠባ። አባቷ "እምነትሽን ተዪ" ብሎ ሲለምናት አንድ ማሰሮ አሳየችው። "ይህን ከማሰሮ ሌላ ምን ልትለው ትችላለህ?" "ምንም።" "እኔም ከክርስቲያን ሌላ ልባል አልችልም" አለችው። አብራት የሞተችው ፌሊሲታስ ባሪያ ነበረች፤ ልጇን የወለደችው እስር ቤት ውስጥ ነው።

እባክህ የኮሎሲየሙን ነገር አስተካክለው።