«ኤክሰለንት» ብሎ ዝም

ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ስልኬ ላይ አፍጥጬ ክብ አልማዝ ስመርጥ ሰነበትሁ፤ ስለ አቆራረጡ በጠየቅሁ ቁጥር ግን ሻጩ የሚመልስልኝ «ኤክሰለንት ነው» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። ስለ ቀለሙና ስለ ጥራቱ ሳይጠየቅ አንድ ገጽ የሚጽፍ ሰው፣ ድንጋዩን ድንጋይ ከመሆን የሚያወጣው አቆራረጡ ላይ ሲደርስ አፉ ለምን እንደሚያያዝ አይገባኝም።

ቃሉ ከሜዳ የመጣ አይደለም። አልማዝ መርምሮ ሰርተፍኬት የሚሰጠው ጂአይኤ የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለክብ አልማዝ አቆራረጥ አምስት ደረጃዎችን ይሰጣል፤ ኤክሰለንት የላይኛው ነው። ሆኖም ይህ ደረጃ ሰፊ በመሆኑ በውስጡ እጅግ የተለያዩ ድንጋዮች ይገባሉ። ከላይ የገባው ብርሃን ከሥር ያሉትን ግድግዳዎች መትቶ ወደ ዓይን እንዲመለስ የድንጋዩ የላይኛውና የታችኛው ክፍል ማዕዘኖች መስማማት አለባቸው፤ የላዩ ቀጥ ካለ የታቹ ጋደም ማለት ይኖርበታል። 34.5 ዲግሪ ከላይ፣ 40.8 ከታች ያለውን ድንጋይና 35.5 ከ41.2 ጋር የያዘውን ጎን ለጎን ሳያቸው ሁለቱም «ኤክሰለንት» ተብለዋል፤ የሁለተኛው ሁለቱም ማዕዘኖች ቀጥ ማለታቸውን ያነሳልኝ ግን አልነበረም። ሰርተፍኬቱ ላይ ያለው ቁጥርም ቢሆን የድንጋዩ የበርካታ የተቆረጡ ፊቶች ማዕዘን አማካይ ሆኖ የተጠጋጋ ነው፤ የላዩ በግማሽ ዲግሪ፣ የታቹ በ0.2 ዲግሪ።

ሻጩ የላከልኝ የድንጋዩ ቪዲዮማ ይባስ! በመብራት ተከቦ፣ ብዙ እጥፍ ጎልቶ፣ ያለማቋረጥ እየተሽከረከረ ማን የማያብረቀርቅ አለ? እኔ ፊቱን ወደ ካሜራው ሲያዞር ጠብቄ ቪዲዮውን አቆምሁት። ያን ጊዜ በጠፍጣፋው አናት ጠርዝ ሥር፣ ዙሪያውን የከበበ ግራጫ ቀለበት ታየኝ፤ ብርሃኑ በዚያ በኩል ወደ ታች እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ቪዲዮው መልሶ ሲዞር ቀለበቱ በብልጭታ ተሸፍኖ ጠፋ።

ክብደቱንም ልብ በሉልኝ። በደንብ የተቆረጠ የአንድ ካራት ክብ አልማዝ ስፋቱ ከ6.4 እስከ 6.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንዱ የቀረበልኝ 6.2 ብቻ ነበር፤ የቀረው ክብደት ዓይን የማያየው ጥልቀትና ወፍራም ወገብ (የላዩና የታቹ ክፍል የሚገናኙበት ጠርዝ) ውስጥ ተቀብሯል፤ ገንዘቡን የምከፍለው ግን ለሙሉው ካራት ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ለመንሁ፦ በአይዲያልስኮፕ፣ ማለትም ብርሃኑ የት እንደሚመለስና የት እንደሚፈስ በቀለም በሚያሳይ መመልከቻ፣ የተነሣ ፎቶ። የተመለሰው ብርሃን ቀይ፣ የፈሰሰው ነጭ ሆኖ ስለሚታይ በአንድ እይታ ነገሩ ይለይለታል። ሻጩ ሁለት ቀን ቆይቶ «ይህ ድንጋይ ኤክሰለንት ስለሆነ አያስፈልገውም» ብሎ መለሰልኝ፤ ከሥሩም ያንኑ የሚሽከረከረውን ቪዲዮ አያይዟል።