የቀሳውስት ሴቶች ልጆች የዝማሬ ትምህርትም ይጠቀስ

ጸሐፊው ስለ ሩሲያ የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ ትምህርት ባቀረቡት ጽሑፍ በሞስኮው የሲኖዶስ ትምህርት ቤትና በወንዶች ልጆች መዘምራኑ ላይ ማተኮራቸው ተገቢ ቢሆንም፣ ዝማሬውን እስከ ገጠር አጥቢያ ያደረሱትን ሴቶች ሳያነሡ ማለፋቸው አሳዝኖኛል።

በየሀገረ ስብከቱ ለቀሳውስት ሴቶች ልጆች የተቋቋሙት ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. በ1868 የጋራ ደንብ የወጣላቸው ሲሆን፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማም ከትምህርቶቻቸው አንዱ ነበር። ተማሪዎቹ በትምህርት ቤቱ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴውን ራሳቸው ይዘምሩ ነበር። በአራት ድምፅ የተደረሰ ዝማሬ ያለ ቴኖርና ያለ ባስ (ከፍ ያለውና ዝቅ ያለው የወንዶች ድምፅ) እንዳለ ሊዘመር ስለማይችል ለሴቶች ድምፅ ብቻ እንደገና መቀናበር ነበረበት። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ባሱ ሲወጣ የዝማሬው መሠረት አብሮ ስለሚነሣ፣ ዝቅተኛው አልቶ (ዝቅ ያለው የሴቶች ድምፅ) ያንን ሸክም ተቀብሎ መዝለቅ ይኖርበታል።

ከሁሉ በላይ ሊነገር የሚገባው ግን ከምረቃ በኋላ ያለው ታሪክ ነው። በ1884 የአጥቢያ ትምህርት ቤቶች ደንብ ከወጣ ወዲህ ብዙዎቹ ምሩቃን በየመንደሩ መምህራን ሆነው የገበሬውን ልጅ ንባብ፣ ጸሎትና ዜማ አስተምረዋል። በፒተርስበርግም የዜማ ደራሲውና የመዘምራን መሪው አሌክሳንደር አርካንግልስኪ በመዘምራኑ ውስጥ የወንዶች ልጆችን ድምፅ በሴቶች ድምፅ በመተካት፣ ሴቶች በቅይጥ መዘምራን ውስጥ ቦታ እንዲያገኙ መንገድ ከፍቷል።

ከ1917ቱ አብዮት በኋላ እነዚህ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በሌኒንግራድ (በያኔዋ ፒተርስበርግ) መንፈሳዊ አካዳሚ የመዘምራን መሪዎች ክፍል ሲከፈት ግን ሴቶች በተማሪነት ገብተዋል። ጸሐፊው በቀጣዩ ክፍል ይህንንም እንዲያካትቱ በአክብሮት እጠይቃለሁ።