ካንዴላ የሌለው መኪና

ባለፈው ሰሞን ፍሬን ላሠራ ጋራዥ ሄጄ ነበር። የእኔዋ አሮጌ ቪትዝ ናት። ከጎኗ ከቻይና የመጣች አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ቆማለች፤ ዳሽቦርዷ ላይ ቀይ ምልክት በርቷል፣ ከሥሩ በቻይንኛ የተጻፈ ነገር አለ። የጋራዡ ረዳት 17 ዓመት ቢሆነው ነው። ስልኩን አውጥቶ ጽሑፉን ፎቶ አነሳና አስተረጎመው። ስልኩ «ከፍተኛ ግፊት» አለው። ልጁ ቀጥ ብሎ የጎማ ንፋስ ሊለካ ሄደ።

በኋላ ቻይንኛ የሚያውቅ ሰው ጠየቅኩ። ያ ቃል በቻይንኛ ግፊትም ይሆናል፣ የኤሌክትሪክ ቮልቴጅም ይሆናል አለኝ። ለካ መኪናዋ ስለ ጎማ አልነበረም የምታወራው። ከወለሏ ሥር ስለተኛው ባትሪ ነበር። የእነዚህ መኪኖች ባትሪ ብዙውን ጊዜ 400 ቮልት አካባቢ ነው። ቤታችን የሚገባው መብራት 220 ነው፤ እሱም ይገድላል።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በ2014 የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪናን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ። የጉምሩክ ቀረጡንም ቀነሰው፦ ተበታትኖ ለሚመጣ ዜሮ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5 ከመቶ፣ ሙሉ ለሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባ 15 ከመቶ። ጥር 2016 ላይ ደግሞ በቤንዚንና በናፍታ የሚሄድ መኪና ከውጭ እንዳይገባ ተከለከለ። ዓለም ላይ እንዲህ ዓይነት ክልከላ ቀድማ ያወጀች አገር ኢትዮጵያ ናት። ሌሎቹ እ.ኤ.አ. 2030፣ 2035 እያሉ ቀጠሮ ሲሰጡ እኛ በአንድ ጀምበር ዘጋነው።

ውሳኔውን እደግፋለሁ። ነዳጅ በዶላር ይገዛል፣ መብራት ግን ከራሳችን ወንዝ ነው። ማደያ ሰልፍ ላይ ግማሽ ቀን የቆመ ሰው ይህን አያጣውም። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ፖሊሲው ስለ መኪናው ሁሉንም አሰበ። መኪናውን ስለሚጠግነው ሰው አላሰበም።

ጋራዥ በምን ይኖራል? በትልቅ ብልሽት አይመስላችሁ። ዘይት በመቀየር፣ በፊልትሮ፣ በካንዴላ፣ በቺንጋ፣ በፍሪሲዮን፣ ማርሚታ በመበየድ ነው የዕለት እንጀራው የሚበስለው። የኤሌክትሪክ መኪና ከእነዚህ አብዛኛው የለውም። ፍሬኑ እንኳ ቶሎ አያልቅም፤ ሾፌሩ እግሩን ሲያነሳ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ያዝ እያደረገ ባትሪውን ይሞላል። የሚተርፈው ኩሽኔታ፣ የቦዲ ሥራና ጎማ ነው። ጎሚስታው አያሳስበኝም። መንገዳችን እንዲህ እስካለ ድረስ ጎሚስታ አይከስርም።

(ቃላቱን ልብ በሉልኝ። የጋራዥ አማርኛ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኮፋኖ፣ ፍሬቻ። ያኔም ቴክኖሎጂው ከነስሙ መጣ፤ ሰዉ እጁን ዘይት እየነከረ የራሱ አደረገው። አሁን የመጣው ግን በእጅ ተነክቶ የሚለመድ ዓይነት አይደለም።)

ሕጋችን ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 «አዲስ ቴክኖሎጂ» የሚለውን ነገር ያውቀዋል። አንቀጽ 28 አሠሪ ምርታማነትን ለማሳደግ አዲስ ቴክኖሎጂ ሲያስገባ የሥራ ውል ሊቋረጥ እንደሚችል ይናገራል። ቀጥሎ ደግሞ የሠራተኛ ቅነሳ የሚባለው ምን እንደሆነ ይተረጉማል፦ ከሠራተኛው ቢያንስ 10 ከመቶው ሲነካ፣ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ቢያንስ 5 ሰው ሲነካ። እንግዲህ ሕጉ የሚያስበው ፋብሪካ ነው። ማሽኑን የሚያስገባው ባለቤቱ ነው፣ የሚሰናበተውም ፔሮል ላይ ስሙ ያለ ሰው ነው። ሁለት ብረት ሰሪ፣ አንድ ኤሌክትሪሺያንና አንድ ረዳት ያሉት ጋራዥ በዚህ ሕግ የታሰበ አይመስልም። ቴክኖሎጂውን ያስገባው አሠሪው ሳይሆን የመንግሥት ፖሊሲ ሲሆን ምን ይደረግ የሚል አንቀጽ ደግሞ የለም። ማንም አይባረርም። ደንበኛ ብቻ እየቀነሰ ይመጣል።

«ገና ብዙ ጊዜ አለ» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነቱን ነው። አገሪቱ ውስጥ ያለው መኪና ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው፣ አብዛኛው ነዳጅ ጠጪ ነው። አዲስ የቤንዚን መኪና ካልገባ ደግሞ ያለው አሮጌ ይበልጥ ይጠገናል። የእኔዋ ቪትዝ ገና አሥር ዓመት ታስለፋኛለች። ስለዚህ ለጋራዡ ባለቤት ብዙ አልሰጋም። ከ50 ዓመት በላይ ናቸው፣ ሁሉም ሰው «ጋሼ» ነው የሚላቸው፤ ሙያቸው ጡረታ ያደርሳቸዋል። የምሰጋው ስልኩን ይዞ ለቆመው ልጅ ነው። እሱ ዛሬ ካንዴላ ማጽዳት እየተማረ ነው። ሙያውን ጨርሶ እጁ ሲፈታ ሥራው እየተሟጠጠ ይጠብቀዋል። ፖሊሲ የሚለካው በእሱ ዕድሜ መሆን አለበት።

«መንግሥት ወጣቱን ለዲጂታል ዘመን እያሠለጠነ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም በ2016 መጨረሻ ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር ተጀምሯል። ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ አንድሮይድ ያስተምራል። ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን አንድ ነገር ያሳብቃል፦ እኛ ዘንድ የቴክኖሎጂ ሙያ ሲባል ላፕቶፕ ፊት መቀመጥ ነው የሚታየን። እጁ ግሪስ የነካ ልጅ የቴክኖሎጂ ሰው አይመስለንም። አዲሱ መኪና ግን ሲበላሽ መጀመሪያ የሚፈልገው ኮምፒውተር ሰክቶ ስህተቱን የሚያነብ ሰው ነው፣ ቀጥሎ ጓንት አጥልቆ የሚፈታ። ሁለቱ አንድ ሰው መሆን አለባቸው።

ጀርመኖች ይህን የገባቸው ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የመኪና መካኒክና የመኪና ኤሌክትሪሺያን የሚባሉትን ሁለት ሙያዎች አዋህደው አንድ የሥልጠና ሙያ አደረጓቸው። በ2013 በዚያው ሙያ ውስጥ ለከፍተኛ ቮልቴጅ የተለየ ዘርፍ ጨመሩ። የኤሌክትሪክ መኪና መንገዳቸውን ሳይሞላ በፊት ማለት ነው። እኛ መኪናውን ካስገባን በኋላም ቢሆን አልረፈደም።

ከሥልጠናው እኩል የሚከብደኝ ግን የመረጃ ጉዳይ ነው። ልጁ ቢሠለጥንም መኪናው አይከፈትለትም። ብዙዎቹ በግል አስመጪ ከቻይና ገበያ የመጡ ናቸው፤ ሶፍትዌራቸው ለቻይና የተሠራ ነው፣ የምርመራ መሣሪያውና የጥገና መመሪያው ከመኪናው ጋር አይመጣም። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ሕግ ወጣ፤ አምራቾች ለድርጅታቸው ጋራዥ የሚሰጡትን የጥገና መረጃ ለሰፈር ጋራዥም እንዲሸጡ ያስገድዳል። በ2020 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ መኪናው በገመድ አልባ የሚልከውን መረጃም ጨመረበት።

እኛ አምራቹን ማስገደድ አንችልም፤ ፋብሪካው ቻይና ነው። አስመጪውን ግን እንችላለን። ቀረጥ የቀነስንለት እኛ ነን። ጉምሩክ ላይ ቅናሹን ሲወስድ መመሪያውን በእንግሊዝኛም ሆነ በአማርኛ፣ የምርመራ መሣሪያውን ደግሞ ለጋራዦች በሚደርስ መንገድ ያምጣ። ይህ አዲስ ቢሮ አይጠይቅም። ቅጹ ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው። ከቅናሹ ከሚገኘው ጥቅም ጥቂት ፐርሰንት ለማሠልጠኛ ቢመደብ ደግሞ አስመጪው አይጎዳም። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምስክር ወረቀት) የሚሰጡትም በመጽሐፍ ያልተማረውን፣ በእጁ የሚያውቀውን ሰው መዝነው ማለፊያ የሚሰጡበትን መንገድ ያብዙ። ጋራዥ ውስጥ ያደገ ልጅ ሁለት ዓመት ክፍል ይቀመጥ ቢባል አይመጣም። የቀን ገቢው ይቀራልና። ማታ ማታ፣ ቅዳሜና እሑድ ቢሆን ግን ይመጣል።

የዚያን ቀን መኪናዋን ማንም አልነካትም። ባለቤቷ በጭነት ወሰዳት፣ ወዴት እንደሆነ አላወቅኩም። ጋሼ ልጁን ጠርተው ኮፋኖውን ከፈቱና ውስጡን አሳዩት። «ይኼን ብርቱካንማ ሽቦ ታያለህ? እንዳትነካው። እኔም አልነካውም።» ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍበት ገመድ ብርቱካንማ ነው፣ ልክ ናቸው። ማን እንደነገራቸው ጠየቅኳቸው። ዩቲዩብ ላይ አይተው ነው።